ድንጋዩ እኔ ጋ ነው

ሞጣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በጸጥታው ምክንያት ተማሪ ባይኖረውም እኛ መምህራን ጠዋት ጠዋት እየሄድን እንፈርማለን። ዴስኮቹ በየክፍሉ ጥግ ተደራርበዋል። እኔ የማስተምርበት ክፍል ሰሌዳ ላይ የመጨረሻው ቀን ትምህርት እንዳለ ነው፤ የአበባ ሥዕል፣ ክፍሎቹ በቀስት ተጠቁመው፣ አንዱ ቀስት ስም ሳይጻፍበት። ምክትል ርእሰ መምህሩ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እንፈርማለን፤ "እስኪ ነገ" ተባብለን እንበታተናለን። ያልፈረመ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል ተብሏል።

እናቴ ብቸና ናት። በደህናው ጊዜ ጠዋት መኪና ከያዝኩ ለምሳ እቤት እደርስ ነበር። አሁን ግን መንገዱ ሲከፈት ፊርማው አለ፤ ፊርማው ለበዓል ሲቀር መንገዱ ይዘጋል። ሁለቱ ተራ ገብተው የሚጠብቁኝ ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይነሳል።

ዳታ በመጣ ጊዜ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የኋለኛው ብሎክ ዳር ያለው ክፍል፣ መስታወቱ የረገፈው መስኮት ሥር። ከፈረምኩ በኋላ እዚያ ገብቼ አንድ ዴስክ አወርድና ፓወር ባንኬን ሰክቼ እቀመጣለሁ። ባልደረቦቼ ለማስተርስ የምዘጋጅ መስሏቸዋል። "እሷኮ ጊዜዋን አታባክንም" ሲባል ሰምቻለሁ። አላስተባበልኩም፤ ለማስተባበልም መናገር ያስፈልጋል። እኔ ግን ጌም ነበር የምጫወተው።

ጌሙን ስልኬ ላይ የጫነችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ብቸና አዋላጅ ነርስ ነች፤ በእድሜ እኩያዬ፣ በአፍ ግን አሥር እጥፌ። መጨረሻ የተገናኘን ጊዜ ስልኬን ከእጄ ነጠቀችና፣ "ሰው ፊት መናገር ያቅትሻል አይደል?" አለችኝ። "እዚህ ሰው አለ፣ ፊት የለም።"

ጨዋታው ተራራ መቆፈር ነው። ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው በአንድ ትልቅ ከተማ ዙሪያ ይቆፍራል፣ ያገኘውን ገበያ አውጥቶ ይለዋወጣል፣ በስተመጨረሻ ቤት ይሠራል። ሲገባ የሰው ምስል ይመረጣል። በነፃ የሚሰጠው ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ይገዛል። ሽማግሌውን ወሰድኩ። በዚያ ላይ ስጽፍ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አልተውም። የአማርኛ ተናጋሪዎቹ ቡድን ውስጥ በገባሁ በሳምንቴ ሁሉም "ጋሼ" ይሉኝ ጀመር። እኔ የማፍረውን ያህል እሱ ስለማያፍር ሽማግሌ መስዬ ለመቆየት ፈለግሁ። የአክስቴን ልጅ ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

ከጨዋታው ሁሉ የወደድኩት መቆፈሩን አልነበረም፤ ንግዱን ነው። ሁለት ሰው ሲገበያይ አንድ መስኮት ይከፈታል። የምትሰጪውን በግራ ታስቀምጫለሽ፤ እሱ የሚሰጠውን በቀኝ ያስቀምጣል። ሁለታችሁም ታያላችሁ። ሁለታችሁም "ተስማምቻለሁ" የሚለውን ካልነካችሁ ምንም ነገር ከእጅ አይወጣም። ከተስማማ በኋላ አንዱ ቅንጣት ነገር ቢነካ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ቁልፉ ግራጫ ይሆንና ትንሽ ያስጠብቃል፣ ደግመሽ እንድታዪ። ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል።

ይህ ለኔ ምን ማለት እንደነበር ቅዳሜ ገበያ አብሮኝ የሄደ ሰው ይረዳል። ሽንኩርት ሻጯ ዋጋ ስትጠራ እኔ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። የተበላሸውን ደባልቃ ስትሰፍርልኝ እያየሁ ዘንቢሌን እዘረጋለሁ። አከራዬ አንድ ቀን አብራኝ ወጥታ፣ "አንቺ ልጅ፣ ዲግሪሽን የሰጡሽ እምቢ የሚለውን ቃል ተቀብለው ነው እንዴ?" ብላ ሻጮቹ ሁሉ ሳቁብኝ። መስኮቱ ጋ ማንም አይስቅም። እምቢ ለማለት አፍ አያስፈልግም፤ አለመንካት ይበቃል።

ሕጎቹን በሙሉ ያነበብኩት ከቡድኑ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እንግሊዝኛው ረጅምና ደረቅ ነው፤ ሌሎቹ "ተስማምቻለሁ" ብለው አልፈውታል። እኔ እንደ ፈተና አጠናሁት። በእውነተኛ ብር መሸጥ ክልክል ነው። አካውንት ማዋስ ክልክል ነው። መሬት ላይ ጥሎ "አንሳው" ማለት ይቻላል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢያነሳው ግን ማንም አይክስም። ሕጉ የማይለውን ደግሞ ከገበያው ተማርኩ። መጨረሻ ሰዓት ላይ ውዱን ዕቃ አንስቶ የሚመስለውን ርካሽ የሚተካ አለ። "አንተ መጀመሪያ ስጠኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ" የሚል አለ። ከሁሉ የሚከፋው የጓደኛን ስም በአንድ ፊደል ብቻ ለውጦ የሚመጣው ነው፤ "እኔ እገሌ ነኝ፣ አካውንቴ ተበላሽቶብኝ በሌላ ገባሁ፣ እስኪ ያንን ነገር አቀብለኝ" ይላል። አዲስ ልጆች በዚህ እየተበሉ ሲያለቅሱ ሳይ ጊዜ አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ከመስኮቱ ውጭ እኔ እገሌ ነኝ የሚልህን ሰው፣ እናትህም ብትሆን፣ አትመን።" ወደዱት። ከዚያ በኋላ አንዱ ሰላምታ ሲሰጥ ሌላው "ከመስኮቱ ውጭ ነህ፣ አላምንህም" እያለ ይመልስለት ጀመር።

ቤት የሚሠራው በሰማያዊ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚወጣው። አንድ ሰው ብቻውን ቆፍሮ ትንሽ ቤት ለመሥራት ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ነገር ስናማርር ነው ሁሉም የተጀመረው።

"ለምን እንደ አገራችን አናደርገውም?" አለ አንዱ።

"እንዴት?"

"እቁብ ነዋ! ሁላችንም በየሳምንቱ እናዋጣ፣ አንዱ ጠቅልሎ ይውሰድ፣ ቤቱን ይሥራ።"

"ዳኛ ማን ይሁን?"

"ጋሼ ናቸዋ! ሽበቱን እያየህ ትጠይቃለህ?"

"ጋሼ እምቢ ካሉ ድንጋይ ተሸክመን ደጃቸው እንቆማለን።"

"ሰማያዊውን ድንጋይ ግን አይደለም፤ እሱ ለእቁቡ ነው" አለች የአክስቴ ልጅ።

ወደ ሕጉ ተመልሼ አየሁ። ስለ እቁብ የሚል የለም። ስጦታ መስጠት ይቻላል ይላል። ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት፤ በሕይወቴ ማንም ሰብሳቢ አድርጎኝ አያውቅም።

በየሳምንቱ አርብ ከገበያው በር አጠገብ እቆማለሁ፤ ሁሉም እየመጣ መስኮት ይከፍታል፣ ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ በኔ በኩል ባዶ ነው፣ እንስማማለን። እጣ ይጣላል። ከዚያ እኔ ለወጣለት ሰው ጠቅልዬ አስረክባለሁ፤ በእሱ በኩል ባዶ ነው፣ እንስማማለን። ምርቃትም ነበር። "ቤትህን የበረከት ያድርግልህ" ብዬ እጽፋለሁ፤ "አሜን ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን" ይሉኛል። በየተራቸው ቤት ሠሩ። የመጨረሻው ተራ ቀይ ካባ የሚለብሰው ሰውዬ ነበር። ቀልደኛ ነው። በየሳምንቱ እጣው ሲያልፈው "እኔ የማረፍድ እንጂ የምቀር ሰው አይደለሁም" ይላል። ቤቱን ግን ከአሁኑ ስሎ ጨርሶታል፤ በረንዳው ወደ ኮረብታው እንዲያይ፣ በጓሮው ሙዝ እንዲተከል። እንሰት ነበር የሚፈልገው፤ ጨዋታው ውስጥ እንሰት የለም።

የእሱን ተራ ሰብስቤ ጨረስኩ። ላስረክብ ስል የስልኬ ማያ ጠቆረና ጽሑፍ መጣ። አካውንቴ በምርመራ ላይ ነው፤ መገበያየትም፣ ዕቃ መሬት ላይ መጣልም፣ መልእክት መላክም ታግዶብኛል፤ መግባትና መንቀሳቀስ እችላለሁ።

አሁን ሳስበው ማሽኑ ምን እንዳየ ይገባኛል። ብዙ ሰው ለአንድ ሽማግሌ በባዶ ይሰጣል፤ ሽማግሌው ለአንድ ሰው በባዶ ይሰጣል፤ ሳምንት ሳይዛነፍ። ድንጋይ በብር የሚሸጡትም፣ የሰረቁትን አካውንት የሚያራግፉትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እቁብ የሚባል ነገር ያላየ ዓይን ሌላ ምን ይበል? ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ገበያው በር ላይ ሁሉም ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነበር።

"ጋሼ እንዴት አደሩ! ዛሬ የቀይ ካባው ሠርግ ነው!"

ታግጃለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ለኔ ታየኝ፤ ለነሱ ግን አልደረሰም።

"ጋሼ?"

"ሱባዔ ገቡ እንዴ?"

"ኔትወርክ ይሆናል ባክህ፣ ጎጃም እኮ ነው ያሉት።"

"የምን ኔትወርክ! ይኸው ይራመዳሉ።"

ቀይ ካባው ጠጋ ብሎ መስኮት ከፈተልኝ። በኔ ማያ ላይ ቁልፉ ግራጫ ሆኖ ቀረ፤ አረንጓዴ የሚሆንበትን ጊዜ ጠበቅሁት፣ አልሆነም። ለእሱ ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ የተላከለት ጽሑፍ "የጠየቁት ሰው አልተቀበለም" የሚል ነበር።

"ጋሼ እምቢ አሉኝ" ብሎ ጻፈ።

አንዱ፣ "ተበላህ ወንድሜ" አለው።

"የመጨረሻ ተራ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ዳኛ የሚበላው የመጨረሻውን ነው።"

"እስኪ ዝም በሉ። ጋሼ፣ እባክዎ፣ ችግር ካለ ይንገሩን።"

ምን ላድርግ? ያለኝ እግር ብቻ ነው። ዙሪያቸውን ሮጥኩ። ወደ ላይ ዘለልኩ፤ ደግሜ ዘለልኩ፤ ታስሬያለሁ ለማለት።

"እያያችሁት ነው? እየጨፈረብን እኮ ነው!"

"አንተ ሽማግሌ!" አለ ቀይ ካባው። "ቆይ አንተን!"

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የወጋኝ "አንተ" የሚለው ነው። እዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ ፊቴ ጋለ። ድንጋዩ እኔ ጋ ነው፣ ድንጋዩ እኔ ጋ ነው እያልኩ በአፌ ተናገርኩ፤ ድምፄ ከባዶው ግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ ደንግጬ ተነሳሁ።

የሚያውቀኝ አንድ ሰው ነበር፤ የአክስቴ ልጅ። እሷ ግን ድንጋይዋን አስረክባ እንደወጣች ብቸና ዳታው ጠፋ፤ ቀጥሎ ስልኩም ጠፋ። ስደውል "የደወሉላቸው ደንበኛ…" የምትለው ሴትዮ ታነሳለች። ለጨዋታው አስተዳዳሪዎች ይግባኝ ጻፍኩ። እቁብ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሁለት ጠዋት ፈጀብኝ። ቁጠባ ነው ብዬ ጻፍኩና ባንክ ስለመሰለብኝ ደለዝኩት፤ ማኅበር አልኩት፤ ከማኅበርም ያንሳል፣ ከማኅበርም ይበልጣል። በመጨረሻ "በአገራችን ሰው ብቻውን የማይችለውን በተራ የሚችልበት ልማድ ነው" ብዬ ላክሁ። ወዲያው መልስ መጣ፤ ሰው እንዳልጻፈው ያስታውቃል። ጉዳይዎ ተራ ይዟል ይላል።

ጠዋት እፈርማለሁ። መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። እገባለሁ። ሽማግሌው ገበያው በር ላይ ቆሞ ሰው ሲገበያይ ያያል። የቡድኑ ልጆች ሲያልፉ አንዳንዱ ቆም ብሎ ስድብ ይጥልልኛል፤ አንዳንዱ እንደ ግንድ ዞሮኝ ያልፋል። የሠሩት ቤት ከሩቅ ይታየኛል፤ በኔ እጅ አልፎ የተሠራ ቤት። ቀይ ካባው ብቻ አልሰደበኝም። እየመጣ መስኮት ይከፍታል፣ "አልተቀበለም" ይባላል፣ ይሄዳል። በማግስቱም ይመጣል።

መውጣት እችል ነበር። ጌሙን ከስልኬ አጥፍቼ ማረፍ። ግን ከጠፋሁ የሚቀረው ስም "በልቶ የጠፋው ጋሼ" ነው። ሞጣ ውስጥ ከፈረምኩ በኋላ ማንም ስሜን አይጠራም፤ ብቸና አልደርስም። አንድ ያለኝ ቦታ እሱ ነበር። እዚያም መቆም እንጂ መናገር ቀረብኝ።

አከራዬ እህል አልበላ እንዳለኝ አይታለች።

"ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተብሽ?"

"ኧረ አይደለም እትዬ። የእቁብ ነገር ነው።"

"እቁብ!" እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "በላሽ? ወይስ ተበላሽ?"

"አልበላሁም። ዳኛ ነኝ። ድንጋዩ እኔ ጋ ነው፣ ግን…"

"የምን ድንጋይ?"

"ሰማያዊ ድንጋይ።"

አከራዬ ትንሽ አሰበች። "ለኮብልስቶን ነው?"

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። ሽማግሌውን በቅርብ አይታ፣ "እኚህ ሰውዬ ምን ያደርጋሉ ብቻቸውን?" አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ "አይ፣ አንቺስ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ" አለችና ሹሮ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እስክጨርስ።

የብቸና ስልክ የተመለሰ ዕለት የአክስቴ ልጅ ቀድማ ደወለች። ስለ እናቴ ነገረችኝ፤ ደህና ናት፣ መንገዱን እንጂ ሌላ አትረግምም። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሳቀች፣ ተናደደች፣ እንደገና ሳቀች።

"ቀይ ካባው ቁጥሩ አለኝ እኮ" አለች። "አምበር ጤና ጣቢያ ፋርማሲስት ነው። የወላይታ ልጅ ነው፣ ተመድቦ መጥቶ። መድኃኒት ሲያልቅብን እደውልለታለሁ።"

"አምበር? የኛው የጎጃሙ አምበር?"

"ስንት አምበር አለ?"

"ታዲያ አንቺ ንገሪው። ጋሼ አልበሉም በይው።"

"አልልም።"

"ለምን?"

"ዳኛዋ አንቺ ነሽ። የአክስቷ ልጅ መሰከረችላት ይባልልሽ? ዋስ እሆንሻለሁ፣ አፍ ግን አልሆንሽም። ጻፊ ቁጥሩን።"

ቁጥሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የምለውን በቃሌ አጠናሁ፤ ተማሪ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምኩ ዕለት እንዲሁ አድርጌ ነበር። ከፈረምኩ በኋላ የራሴ ክፍል ገባሁ፤ እዚያ ዳታ የለም፣ ኔትወርኩ ግን ለመደወል ይበቃል። ከሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ደወልኩ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። "እ… ዳኛው ነኝ።"

"የምን ዳኛ?" ድምፁ ተቀየረ። "ፍርድ ቤት ነው? እኔ ምን አደረግሁ?"

"አይደለም፣ አይደለም። የእቁቡ። የሰማያዊው ድንጋይ።"

ከኋላው ሰው "ይቺን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምውጣት?" ሲል ይሰማኛል። "ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ" አለውና ወደኔ ተመለሰ።

"ጋሼ ወንድ ናቸው" አለኝ።

"አይደሉም።"

"እህቴ፣ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘሽው አላውቅም። ግን እኚያው ሽማግሌ ከመሰወራቸው በፊት አንድ ነገር አስተምረውናል። ከመስኮቱ ውጭ እኔ እገሌ ነኝ የሚልህን፣ እናትህም ብትሆን፣ አትመን ብለው። ደህና ዋይ።" ዘጋው።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ቆምኩ። ትክክል ነበር። እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። የራሴን በር በራሴ ቃል ዘግቼ ውጭ ቀርቻለሁ።

ስልክ ላላነሳልኝ እንጂ ለዘጋብኝ ሰው ደግሜ ደውዬ አላውቅም። ያን ቀን ደወልኩ።

"አትዝጋው" አልኩ፤ ጮክ ብዬ ኖሮ አንድ ወፍ ከመስኮቱ ተነሳች። "ትክክል ነህ። አትመነኝ። ግን ግባና እየኝ። የምትለኝ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ፣ እያየኸኝ።"

"ከምሳ በኋላ" አለ። "ዳታ የምይዘው የውኃ ታንከሩ ላይ ወጥቼ ነው።"

ከምሳ በኋላ እኔ መስኮቱ ሥር፣ እሱ ታንከሩ ላይ፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ፣ በመሀላችን አገር ሙሉ የተዘጋ መንገድ። ቀይ ካባው ገበያው በር ላይ ብቅ አለ።

"ወደ ጉድጓዱ ሂጂ።"

ሄድኩ።

"ዙሪው።"

ዞርኩት።

"ደረጃው ላይ ውጪ። አሁን ዝለይ።"

ሽማግሌው ዘለለ። በስልኩ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

"ያን ዕለትም ዘልለሽ ነበር።"

"ልጠራችሁ ነበር። ሌላ የምጠራበት የለኝም።"

"የጨፈርሽብን መስሎን…" ሳቀ፤ ከታንከሩ ይሁን ከየት እንጃ፣ ሳቁ አስተጋባ። "ወይ ጋሼ! ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ አይቻለሁ፤ ድንጋዩን እንደተሸከመ የሚዘል ግን ዛሬ አየሁ።"

ከዚያ ሳቁ ቆመ። "እሺ፣ አንቺ መሆንሽን አመንኩ። ድንጋዩስ?"

"እኔ ጋ ነው። ሙሉው አለ። መስጠት ግን አልችልም፤ ምናልባትም መቼም አልችልም።"

"ስለዚህ አወቅሁሽ እንጂ ቤት የለኝም።"

ማያው ላይ ሽማግሌው ቁልቁል ቦርሳውን ያይ ነበር፤ ሥራ ፈትቶ ሲቆም እንደዚያ ያደርጋል። ሕጉ በቃሌ ነበር፤ የከለከሉኝን ደግሜ አሰብኩት፤ መገበያየት፣ መሬት ላይ መጣል፣ መልእክት መላክ።

"የተከለከልኩት መስጠት ነው" አልኩ ቀስ ብዬ። "መሥራት አልተከለከልኩም። ቤቱን እኔ ልሥራው።"

"በማን ስም?"

"በኔ ስም ነው የሚሆነው። ሌላ መንገድ የለውም።"

"የኔ ቤት፣ ባንቺ ስም።"

"በሩን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ይቻላል። ትገባለህ፣ ትወጣለህ፣ ዕቃህን ታስቀምጣለህ።"

"አንድ ቀን ተናደሽ ብትዘጊውስ?"

ይህንን እኔ ባስተማርኩት መንገድ ነው የጠየቀኝ። በጨዋታው ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚመልስ መስኮት የለም፤ ሁለት ወገን የለውም፣ አረንጓዴ ቁልፍም የለውም።

"ዋስ አለኝ" አልኩ።

"ማን?"

"የብቸናዋ አዋላጅ።"

"እሷ?" አለ። "እሷማ የወሰደችውን ጓንት እስካሁን አልመለሰችም!" ከዚያ ግን፣ "ይሁን" አለ። "በረንዳው ወደ ኮረብታው ይሁን። በኮረብታው በኩል ነው ፀሐይ የምትወጣው፤ እቤታችንም እንደዚያ ነው።" እቤታችን ያለው ወላይታን ነው። ከተመደበ ወዲህ አልተመለሰም። እሱም ጠዋት ጠዋት እንደሚፈርም ያን ዕለት ነገረኝ።

ቤቱን እኔ ሠራሁት። ከፊርማ በኋላ እገባለሁ፤ እሱ ደግሞ ታንከሩ ላይ ወጥቶ በስልክ ይመራኛል። "ወደ ግራ፣ ጋሼ። እሱ ግራሽ ነው እንዴ? ባዮሎጂ ነው አሉኝ የምታስተምሪው፣ እጅ የት እንዳለ አይነግሯችሁም?" ይቀልድብኛል፤ መመለስ ለመድኩ። አንድ ቀን ሙዙን ስተክል "ይሄ እንሰት ነው ብለህ ካሰብክ እንሰት ነው" ስለው ቀልዱን ትቶ "አጠገቡ ሌላም ትከይልኝ" አለኝ። ለቡድኑ የነገረው እሱ ነው። "ጋሼ ተገኝተዋል። ታስረው ነው። ሴት ናቸው" ብሎ ጻፈላቸው። አንዳንዱ አላመነም፤ እስካሁንም የማያናግረኝ አለ። ሌሎቹ "ጋሼዋ" ብለው ይጠሩኛል፤ አንቱታውን ሳይተዉ።

የአስተዳዳሪዎቹ ውሳኔ የመጣው ጣሪያው ካለቀ በኋላ ነው። መልእክት መላክ ተመለሰልኝ። መገበያየት ግን በዚህ አካውንት ለዘለዓለም ተዘግቷል፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ሌላ አካውንት ክፈቺ አሉኝ። ብከፍት ቤቱ ሰው የሌለው አካውንት ላይ ይቀራል፤ ለረጅም ጊዜ ካልገቡበት ደግሞ እንደሚፈርስ ሕጉ ላይ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ሽማግሌውን አልተውኩትም። በየቀኑ እገባለሁ። ሌሎች በረንዳው ላይ መስኮት ከፍተው ሲለዋወጡ እኔ በመሀላቸው እቆማለሁ፤ አንዳንዴ አዲስ ሰው መጥቶ ሊገበያየኝ ይሞክራል፣ "አልተቀበለም" ይባላል፣ ቅር ብሎት ይሄዳል።

ዛሬም ፈርሜያለሁ። መንገዱ ደብረ ወርቅ ድረስ ተከፍቷል ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ብቸና ያለውን የሚያውቅ የለም። ሰሌዳው ላይ ያለውን አበባ አላጠፋሁትም፤ ስም በጎደለው ቀስት ላይ ግን ባለፈው ሳምንት ስሙን ጻፍኩ። መስኮቱ ሥር ስቀመጥ ስልኬ ጠራ።

"ጋሼ፣ በሩ እምቢ አለኝ። ዘጋሽብኝ እንዴ?"

ገብቼ አየሁ። ቀይ ካባው ደጁ ላይ ቆሟል፤ ውጭ ይዘንባል።

"አልተዘጋም" አልኩት። "ዝናብ ሲሆን ይከብዳል። ግፋው።"